ሰላማችንን በጽሑፍ አድርጉልን

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ አዲስ አበባ
ለኤርትራ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ አሥመራ

ጉዳዩ፦ በሁለቱ አገሮች መካከል የሕዝብ መተላለፊያ ደንብ በጽሑፍ እንዲዘጋጅና እንዲታተም ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ ለሁለታችሁም በአንድ ወረቀት የጻፍኩት አስቤበት ነው። ለአሥመራ ብቻ ብጽፍ ክስ ይመስላል፤ ለአዲስ አበባ ብቻ ብጽፍ ለወዲያኛው ወገን ያደላሁ እባላለሁ። ጊዜው እንዲህ ሆኗል። ሁለቱ መንግሥታት በአደባባይ ይካሰሳሉ፤ በየመገናኛ ብዙኃኑ ስለ ወደብ፣ ስለ ሉዓላዊነት፣ ስለ ጦር ዝግጅት ይወራል፤ በድንበሩ በዚህም በዚያም ያለች እናት ዘንድሮስ ልጄን ይወስዱብኝ ይሆን እያለች ታድራለች። እኔ የምጽፈው ከዚህ ሁሉ ጩኸት ዝቅ ስላለ ነገር ነው፤ ስለ ኬላ፣ ስለ ጉምሩክ፣ ስለ ስልክ መስመር፣ ስለ መታወቂያ። ዝቅ ያለ ይምሰል እንጂ ሕዝብ ጎረቤት አገሩን የሚያውቀው በእነዚህ ነው።

የማምንበትን ከመጀመሪያው ልናገር። በ1983ም ሆነ በ2010 አዲስ አበባ ላይ ሥልጣን እጅ ሲቀይር ከአሥመራ ጋር ፍቅር ወረደ። በሁለቱም ጊዜ ፍቅሩ የሰዎች ሆኖ ቀረ እንጂ የመንግሥታት አልሆነም። ስለዚህም ሰዎቹ ሲኮራረፉ በሩ በሕዝቡ ላይ ተዘጋ፤ በእጁ የያዘው የተጻፈ ነገር ስላልነበረም «ይህ መብቴ ነው» ብሎ የሚከራከር አልተገኘም። ሦስተኛ ጊዜ እንዲህ እንዳይሆን ነው የምለምነው።

በግንቦት 1983 ሻዕቢያ አሥመራ ገባ፤ በአራተኛው ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። በረሃ ላይ አብረው የተዋጉ፣ አንዳንዴም የተጣሉና መልሰው የታረቁ ሰዎች በሁለት ጎረቤት ቤተ መንግሥት ተቀመጡ። በሚያዝያ 1985 በተደረገው ሪፈረንደም 99.8 በመቶ የሚሆነው መራጭ ነፃነትን ደገፈ፤ አዲስ አበባም ሳታንገራግር እውቅና ሰጠች። ከሠላሳ ዓመት ጦርነት በኋላ መለያየቱ ራሱ ያለ ተኩስ ማለቁ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ይህንን ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

በዚያ ዘመን ወረቀት አልነበረም ማለቴ አይደለም። የወዳጅነትና የትብብር ስምምነቶች ተፈርመዋል፣ የጋራ የሚኒስትሮች ኮሚሽንም ተቋቁሞ ነበር። ከባድ ከባዱ ጥያቄ ግን ለጓዶች መተማመን ተተወ። ድንበሩ በየት በኩል ያልፋል? ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ስታወጣ ንግዱ በምን ይካሄዳል? አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ቤት ሠርቶ፣ በሪፈረንደሙ ድምፅ የሰጠ ሰው የማን ዜጋ ነው?

በዚህ የመጨረሻ ጥያቄ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሳይጻፍ የቀረ ነገር ሰውን ምን እንደሚያደርግ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ57 ሺህ በላይ ሰዎች በዚያ ሪፈረንደም ነፃነትን ደግፈው ድምፅ ሰጥተዋል። ሲመርጡ «ኢትዮጵያዊነትህን ልትተው ነው» ያላቸው አልነበረም። ከመረጡም በኋላ እንደ ትናንቱ ሥራቸውን ሠሩ፣ ግብራቸውን ከፈሉ፣ በኢትዮጵያ መታወቂያ ኖሩ። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ ያው ድምፅ ማስረጃ ሆኖ ቀረበባቸው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከየቤታቸው እየተወሰዱ፣ በአውቶቡስ እየተጫኑ ከአገር ወጡ። ባል ሄዶ ሚስት የቀረችበት ቤት አለ፤ እናት ተሳፍራ ሕፃን ከጎረቤት የቀረበት አለ። በወዲያኛውም በኩል ከአሥመራና ከአሰብ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን የዕድሜ ልክ ጥሪታቸውን ጥለው ወጥተዋል። ጦርነቱን በቋጨው የአልጀርስ ስምምነት የተቋቋመው የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 በሰጠው ውሳኔ ለሪፈረንደሙ የበቁት ሰዎች የኤርትራን ዜግነት ሲያገኙ የኢትዮጵያን እንዳላጡ፣ ማለትም የሁለቱም አገሮች ዜጎች እንደነበሩ አስታወቀ። ሰው ከተበተነ፣ ቤት ከተሸጠ፣ ልጅ በሌላ ቋንቋ ካደገ በኋላ ነው ይህ የታወቀው። በ1985 ሁለት የሕግ ባለሙያዎች ተቀምጠው በአንድ ገጽ ሊጽፉት ይችሉ ነበር።

ይኸው ኮሚሽን በነሐሴ 2001 ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ ደግሞ ከ161 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ፈረደ። ሁለቱ ቢካካሱ ልዩነቱ 15 ሚሊዮን ዶላር አይሞላም። የሁለቱ ሕዝቦች ጉዳት በሚዛን ሲቀመጥ እኩል ለእኩል ሊሆን ምን ቀረው?

የገንዘቡም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በጥቅምት 1990 ናቅፋ ሲወጣ አሥመራ ሁለቱ ገንዘቦች በሁለቱም አገር እኩል ይዘዋወሩ አለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከትንንሽ የድንበር ግብይት በቀር ንግዱ በውጭ ምንዛሬ፣ በባንክ የክፍያ ዋስትና (ኤልሲ) ይሁን አለች። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ምክንያት እንደ ክፉ ሐሳብ ወሰደው፤ አስቀድሞ የተጻፈ የመሸጋገሪያ ውል ስላልነበረ ዳኛ የሚሆን ነገር ጠፋ። ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ባድመ አካባቢ ተኩስ ሲነሳ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ኮሚሽን በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ ሊሰበሰብ ቀጠሮ ነበረው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት አለቀ።

የእናቴ ታላቅ እህት አሥመራ፣ እንዳ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትኖር ነበር። በጦርነቱ ስልኩ ከተቆረጠ በኋላ ወሬዋ የሚመጣው ሮም ባለ ዘመድ በኩል ነው። ይህ ሰው በአንዱ ስልክ አሥመራን፣ በሌላው አዲስ አበባን ይደውልና የአንዱን እጀታ ጆሮ በሌላው አፍ ላይ፣ የሌላውን አፍ በአንዱ ጆሮ ላይ ገጥሞ በሁለት እጁ ይዞ ይቆማል። እናቴ ድምፅዋ እንዲደርስ ትጮሃለች፤ እህቷም ትጮሃለች፤ ከጩኸቱ መካከል ስለ ጤና፣ ስለ ሰርግ፣ ስለ ሞት ጥቂት ቃል ይያዛል። ሮም፣ ስቶክሆልም፣ ጅዳ፣ ዋሽንግተን ያሉ ስንትና ስንት ዘመዶች እንዲህ እየቆሙ የሁለት አገር መንግሥታት የቆረጡትን መስመር በክንዳቸው ቀጥለዋል። አክስቴ ስትሞት መርዶው የደረሰን በዚሁ መንገድ ነው፤ ለቅሶው አዲስ አበባ በድንኳን ተቀመጠ፣ ቀባሪ ግን ከዚህ አንድ ሰው አልሄደም። መሄጃ አልነበረማ።

ከዚያ 2010 መጣ። ግንቦት 28 የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የአልጀርሱን ስምምነትና በስምምነቱ የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን የሰጠውን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ እንደሚቀበል አስታወቀ። ሐምሌ 1 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አሥመራ አረፉ፤ በማግስቱ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫው ተፈረመ፤ ሐምሌ 7 ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ አዲስ አበባ ገቡ። ሐምሌ 11 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ አሥመራ በረረ፤ ተሳፋሪው በዝቶ ሁለት አውሮፕላን ተከታትለው ነው የተነሱት። ስልኩ የተከፈተ ሰሞን ዘመድ የሌለው ሰው እንኳ 291 ብሎ ያመጣለትን ቁጥር እየደወለ ከማያውቀው ሰው ጋር እንኳን ደስ ያለህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ይባባል ነበር። ያንን ሳምንት ያየ ሰው ሁለቱ ሕዝቦች ይጠላላሉ ቢሉት አያምንም።

መስከረም 1 ቀን 2011፣ በዕንቁጣጣሽ፣ የዛላምበሳና የቡሬ ኬላዎች ተከፈቱ። ዛላምበሳ በጦርነቱ የፈራረሰች፣ ለሃያ ዓመት ሽቅብም ቁልቁልም የማያስኬድ መንገድ ላይ የቀረች ከተማ ናት። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከዚህ ጤፍና ሲሚንቶ የጫነ የጭነት መኪና፣ ከወዲያ ደግሞ ቤተሰብ የሞላው አውቶቡስና የኤርትራ ታርጋ ያለው የቤት መኪና እየተጠባበቁ የሚተላለፉባት መንገድ ሆነች። አሥመራ ገበያ ላይ የእህሉ ዋጋ ወረደ። መቐለ ሆቴሎች ደጃፍ በትግርኛ የሚሳሳቁ እንግዶች ሞሉ። ብርና ናቅፋ በእጅ በእጅ ይመነዘራል፤ ተመኑን የሚቆርጠው ባንክ ሳይሆን ደላላው ነው። ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም፣ ቀረጥ የሚቆርጥ የለም፣ ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ የሚመዘግብ የለም። ያኔ ይህ ሁሉ ነፃነት መስሎ ታይቷል፤ ለተናፈቀ ሰውም ነፃነት ነበር። ነገር ግን ማንም ያልመዘገበውን መሻገር ማንም እንዳልነበረ ሊያደርገው ይችላል።

እንደዚያም ሆነ። በታኅሣሥ 2011 ከኢትዮጵያ በኩል የሄዱ መንገደኞችና ሾፌሮች ዛላምበሳ ላይ ከፌዴራል መንግሥት የፈቃድ ወረቀት አምጡ ተብለው ተመለሱ። ፈቃዱን የትኛው ቢሮ እንደሚሰጥ በግልጽ የተለጠፈ ነገር አልነበረም። በዚያው ወር በገና ዕለት የሑመራና የኦምሐጀር መተላለፊያ ሁለቱ መሪዎች በተገኙበት ተመረቀ፤ እስከ ሚያዝያ ድረስ ግን ሁሉም ኬላዎች ተራ በተራ ተዘጉ። ለምን እንደተዘጉ ለሕዝብ በይፋ የተሰጠ ማብራሪያ የለም። ብድር ወስዶ የጭነት መኪና የገዛው ነጋዴም፣ ልጇን ለመዳር ወዲያ የተሻገረችው እናትም ምክንያቱን የሰሙት ከሾፌር ነው።

ከሳሽ ልሁን ብዬ አይደለም ይህን የማነሳው፤ የተፈረመውን አንብቤ ነው። የአሥመራው መግለጫ አምስት ነጥብ ነው። በመስከረም 2011 ጅዳ ላይ የተፈረመው ስምምነት ሰባት አንቀጽ ነው። ሁለቱንም ለማንበብ ቡና ተፈልቶ እስኪቀርብ ያለው ጊዜ ይበቃል። ጦርነቱ ማብቃቱን፣ ትራንስፖርት፣ ንግድና ግንኙነት እንደሚቀጥል፣ የድንበር ውሳኔው እንደሚፈጸም ይናገራሉ፤ ሁሉም ትልልቅና መልካም ሐሳብ ነው። ኬላ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ በምን መታወቂያ እንደሚታለፍ፣ ስንት ኩንታል ያለ ቀረጥ እንደሚገባ፣ ብሩ በምን ተመን እንደሚመነዘር፣ በተለይም አንዱ ወገን መዝጋት ቢፈልግ ስንት ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ እንዳለበት ግን አንድ መስመር የለም። የጅዳው ስምምነት የከፍተኛ ደረጃ የጋራ ኮሚቴና ንዑሳን ኮሚቴዎች ይቋቋማሉ ይላል። ከእነዚያ ኮሚቴዎች ወጥቶ ሕዝብ እጅ የገባ የመተላለፊያ ደንብ አላየንም።

በጠመንጃው በኩል ያለውም ከዚህ አይለይም። ሁለቱ አገሮች ለዓመታት አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ሲያስጠልል ኖሯል። ነሐሴ 1 ቀን 2010 የኢትዮጵያ መንግሥትና ኤርትራ ተጠልሎ የነበረው ኦነግ አሥመራ ላይ ስምምነት ፈረሙ፤ ታጣቂው ወደ አገሩ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ትጥቅ መፍታት በስምምነቱ ውስጥ አለ የለም በሚል ሁለቱ ወገኖች በአደባባይ ተከራከሩ። የስምምነቱ ቃል በጊዜው ታትሞ ሕዝብ ቢያነበው ኖሮ ክርክሩ በአንድ ቀን ያበቃ ነበር። ወለጋ ውስጥ በዚያ ክርክር ማግስት የጀመረው ደም መፋሰስ ስንት ቤት እንደዘጋ የሚያውቅ ሰው ይህን ትንሽ ነገር አይለውም።

በጥቅምት 2013 በትግራይ ስለተነሳው ጦርነት እዚህ ብዙ አልልም። የኤርትራ ሠራዊት ገብቶ ተዋግቷል፣ በሲቪል ላይ የተፈጸመው ግፍ ተመዝግቧል፤ ተጠያቂነቱ ገና አልተነካም፣ ራሱን የቻለ ደብዳቤም ይገባዋል። ለዚህኛው ጉዳይ የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ነው፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ሰላም ሲፈረም ኤርትራ ጠረጴዛው ላይ አልነበረችም። ስለዚህ ከጦርነቱ በኋላ በሁለቱ አገሮች መካከል ስለ ሕዝቡ የተጻፈ አዲስ ነገር የለም። ነሐሴ 28 ቀን 2016 የአውሮፕላኑም በረራ ቆመ። ዛሬ ከአዲስ አበባ አሥመራ ለመሄድ ሦስተኛ አገር መዞር ግድ ነው።

ክቡራን ሆይ፣ በደቡብ በኩል ያለውን ድንበራችንን አስታውሱ። ኢትዮጵያና ኬንያ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይዋሰናሉ። በ1956፣ ኬንያ ነፃ በምትወጣበት ወቅት፣ የመከላከያ ስምምነት ተፈራረሙ፤ በ1962 ሞምባሳ ላይ የድንበር ውላቸውን ፈረሙ። በ1967 ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ደርግ አዲስ አበባ ላይ የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን ምስል ሰቀለ፤ ናይሮቢ ደግሞ የምዕራቡ ወዳጅ ነበረች። በሐሳብ ከዚህ የበለጠ የሚራራቅ ጎረቤት አልነበረም። ሆኖም በ1971 የወዳጅነትና የትብብር ውል ፈረሙ። በ1983 ደርግም ወደቀ፤ ናይሮቢም ላይ ፕሬዚዳንት ከፕሬዚዳንት ተተካካ፤ ድንበሩ ግን ያው ነው። በ2013 ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች ሹማምንት በአንድ ጣሪያ ሥር መንገደኛ የሚያስተናግዱበት የጋራ ኬላ ተመረቀ። የከብት ዝርፊያ የለም፣ ታጣቂ የለም፣ ግጭት የለም አልልም፤ አለ። ግን የሞያሌ ሰው አዲስ አበባ ላይ ማን ሥልጣን ያዘ ብሎ ገበያ መሄዱን አያቆምም።

ያስተሳሰራቸው የሶማሊያ ሥጋት ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ መጀመሪያ ያቀራረባቸው እሱ ነው። ነገር ግን የሶማሊያ መንግሥት በ1983 ከፈረሰ በኋላም ወረቀቱ አልፈረሰም። ከኬንያ ጋር እንደ ሻዕቢያና ኢሕአዴግ በረሃ ላይ አብሮ የዋለ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ አደባባይ የወጣ መሪ አልነበረንም። ባዕድ ስለነበርን ጻፍን፤ ቤተሰብ ስለሆንን ከአሥመራ ጋር መጻፍ አፈርን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ከባዕድ ይልቅ ለዘመድ የተነገረ ይመስለኛል።

አሁን ብርቱውን ተቃውሞ ላንሳ፤ ከእናንተ መካከል የሚያነሳው እንዳለ አውቃለሁ። አልጀርስስ ወረቀት አልነበረም ወይ? ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ሁለቱ መሪዎች ፈረሙት፤ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 የድንበር ኮሚሽኑ የመጨረሻና አስገዳጅ የተባለውን ውሳኔ ሰጠ፤ ባድመ ወደ ኤርትራ ሆነ፤ ኢትዮጵያ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳትፈጽመው ቆየች። ታዲያ ወረቀት ምን ፈየደ?

መልሴ ይህ ነው። በ2010 አዲስ መንግሥት መጥቶ ሰላም ሲፈልግ የሚመለስበት ነገር ያገኘው ያ ወረቀት ስለነበረ ነው። አልጀርስ ባይኖር ኖሮ ኢትዮጵያ ምን እቀበላለሁ ትል ነበር? በየት በኩል ያለውን መስመር? በየትኛው ዳኛ? አዲስ ድርድር ተጀምሮ አዲስ ኩርፊያ ያመጣ ነበር። ወረቀት ሊጣስ ይችላል፤ ነገር ግን የጣሰውን ሰው ዕድሜ ያልፋል፤ የሚቀጥለው ሹም መጥቶ እስኪያነሳው መሳቢያ ውስጥ ይጠብቃል። በቃል የተሰጠ ተስፋ ከተናገረው ሰው ጋር ይሄዳል። በ2011 የተዘጋውን ኬላ ዛሬ መልሰን እንክፈት ብንል የምንመለስበት ደንብ የለንም፤ ከዜሮ ነው የምንጀምረው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ መሪዎቹ ዳግም እንዲተቃቀፉ አይደለም፤ ለዚያ ጊዜው ሩቅ ሊሆን ይችላል። የምጠይቀው በሁለቱም ሚኒስቴሮች ያሉት የቆንስላና የሕግ ክፍሎች ረቂቅ እንዲጀምሩ ነው። ለዚህ ጉባኤ አያስፈልግም፣ ቀይ ምንጣፍ አያስፈልግም። ግንኙነቱ ቀዝቅዞ ባለበት በዚህ ወቅት እንኳ በየበኩላችሁ ልታዘጋጁትና ሁለቱም በሚያምኑት ሦስተኛ ወገን በኩል ልትለዋወጡት ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ሥልጣን እጅ ቀይሯል፣ ወደፊትም ይቀይራል፤ አሥመራ ላይም አንድ ቀን ይቀይራል። ያ ቀን ሲመጣ፣ በየትኛውም ከተማ ይሁን፣ አዲሱ ሹም ጠረጴዛ ላይ የተዘጋጀ ነገር ቢያገኝ በደስታው ሞቅታ ድንበሩን በጭብጨባ ብቻ ከመክፈት ይድናል።

በረቂቁ ውስጥ ምን ይግባ? እናንተ ባለሙያዎቹ ታውቁታላችሁ፤ ድንበር ላይ ያለው ሰው የሚለውን ግን ልድገምላችሁ። አንዱ ወገን ኬላ ሊዘጋ ከፈለገ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ፣ የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ይለጥፍ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተሻገረ ሁሉ በሰላም ይመለስ። ስልክና አውሮፕላን ለፖለቲካ ኩርፊያ መቀጫ አይሁኑ። በየገበያው ዕለት ያለ ኤልሲ የሚሻገረው ዕቃ መጠኑ ይታወቅ፣ ተመኑ በባንክ መስኮት ይለጠፍ። የሚመዘገበው ስም ለኬላው ብቻ ያገልግል፤ ከብሔራዊ አገልግሎት ወይም ከእስር ሸሽቶ የመጣ ወጣት በመዝገቡ እየታደነ እንዳይመለስ ግልጽ ክልከላ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ኬላው ወጥመድ ይሆናል። አንዱ በምድሩ ያስጠለለው የሌላው ታጣቂ ወደ አገሩ የሚመለስ ከሆነ የስምምነቱ ሙሉ ቃል ይታተም።

የድንበር ውሳኔው የሚነካው የባድመና የኢሮብ ሰው ነገር ደግሞ አለ። የአልጀርስ ስምምነት አንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 16 መሬት ከአንዱ አገር አስተዳደር ወደ ሌላው ሲዛወር እዚያ የሚኖሩ ሰዎች የሚገጥማቸውን ችግር ለመፍታት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንዲያግዝ ሁለቱ አገሮች አብረው የጠየቁበት ነው። መስመሩ ስለሚያልፍበት መሬት ሃያ ዓመት ስንጨቃጨቅ በመሬቱ ላይ ስላለው ሰው የተጻፈችውን ይህችን ንዑስ አንቀጽ የሚያነሳ ጠፋ። መስመር በተሰመረ ጊዜ ገበሬው የትኛውን ዜግነት ይመርጣል? ማሳው ወዲያ ቢቀር አርሶ መመለስ ይችላል? የአያቱ መቃብር ወዲያ ቢሆንስ? ይህ መልስ ሳያገኝ ምሰሶ መትከል የ1985ቱን የዜግነት ስሕተት በመሬት ላይ መድገም ነው።

ደንቡ ሲያልቅ በትግርኛ፣ በአማርኛ፣ በዓረብኛ፣ በአፋርኛ፣ በሳሆኛና በኩናማኛ ታትሞ በየኬላው በር ይለጠፍ፤ ቄሱም ሼኹም የመኪና ረዳቱም ያንብቡት። ወታደሩ አይታለፍም ሲል መንገደኛው በጣቱ የሚያሳየው አንቀጽ ይኑረው።

የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ለቅሶ እንዲሆን እለምናለሁ፤ ማንም መንግሥት የሚፈራው ነገር ስለሌለበት ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ሊጸድቅ ይችላል። አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ የሞተበት ሰው በኢትዮጵያ በኩል ከቀበሌ፣ በኤርትራ በኩል ከምምሕዳር ከባቢ አንድ ደብዳቤ ይዞ፣ ክፍያ ሳይጠየቅ፣ በቅርቡ ባለው ኬላ በእግሩ ይሻገር፤ ሰባት ቀን ይቀመጥ፤ በገባበት ኬላ ይመለስ። ሌላው ሁሉ ቢዘገይ ይህን አንዱን አንቀጽ ብቻውን ማውጣት ትችላላችሁ፤ ለማርቀቅ ከአንድ ሳምንት በላይ አይፈጅም።

ከአክብሮት ጋር